ያልተጻፈው ቅጽ

ቧንቧ ውሃ ነው ሱቄ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፤
በገጽ አስር ብር ነው፣ ማንም ቢሆን ማን።
የዕድር ደንብ፣ የቤት ውል፣ የክስ ማመልከቻ፣
ሳይገባኝ ይወጣል፣ በጣቶቼ ብቻ።

ቆጣሪ አንባቢው ይመር፣ ሐምሌ ዝናብ ላይ፣
ሰባት ደብተር ይዞ፣ ፌስታል ደርቦ ከላይ፣
«የሌለ አገር ነው» አለኝ፣ «ስሙም ነው ጉምዳር፤
ቅጽ ሰባት ድረስ አለ፤ በይ እንግዲህ ይጀመር።»

ጀመርኩ።

ጉምዳር ላይ ሲመሽ፣ ሰው ከሰው ሲጋጠም፣
አብሽር አይባባልም፣ ደህና አመሸህ የለም።
«በሩን ዘጋኸው ወይ?» ይጠይቃል ቀድሞ፤
«ላንተ ገርበብ ነው» ይላል፣ ሁለተኛው ደግሞ።
ለምን ቢሉት አያውቅም። እናቱ እንዲህ ብላ፣
እናቷም እንዲህ ብላ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ።

ዳቦ ጋጋሪዎቹ፣ ሊጡን ከፍለው ሲያበቁ፣
አንድ ጭብጥ ዱቄት፣ ለነፋስ ይለቁ።
ሙሽራ ወንዝ ስትሻገር፣ ጫማዋን በግራ
ይዛ ትሄዳለች፣ የወንዙን ስም ሳትጠራ።
ንጉሥ ሊነግሥ ሲል፣ ዘውድ ሳይደፋ በራሱ፣
ለባዶ በርጩማ፣ ዝቅ ይላል እሱ፤
«የማን ነው?» ሲል ሕፃን፣ እናት አፉን ይዛ፣
«የዘገየ ሰው» ብላ፣ ታልፋለች በዋዛ።
ልጆች ሲጫወቱ፣ በጠጠር በአፈር፣
ሁልጊዜ የሚሸነፍ፣ አለ አንድ ሰፈር፤
ማን እንደ ፈረደ፣ አያውቁም ልጆቹ።
ያውቃሉ ጠጠሮቹ።

ሦስተኛው ቅጽ ላይ፣ ደከመኝና ጠየቅሁ፦
«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? እኔስ ግራ ገባኝ፣ ታከትሁ።»
«የጥንት ጦርነት ነው፣ ሺህ ዓመት ያለፈው፤
ሰማንያ ቀን ነው፣ በሮቹን ያረገፈው።»
«ታዲያ የታል?» አልኩት፣ «የቱ ቅጽ ላይ ተጻፈ?
ማን ገጠመ ከማን? ማንስ ነው ያሸነፈ?»
ቆጣሪ እንደሚያነብ፣ ዓይኖቹን አጥብቦ፣
ጦሳን አየው፤ ቆሟል፣ ጉሙን ተደርቦ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቆጣሪ አንብቤ ኖሬ፣
ሽቦው ውስጥ የሚሄደው፣ አልታየኝም እስከ ዛሬ፤
በየደጁ ቆሜ፣ የምጽፈው ቁጥሩን፣
ምን ያህል እንዳለፈ፣ አቋርጦ ቤቱን።»
«ያለ ፍልሚያ መጽሐፍ፣ ማን ይገዛል?» አልኩት፤
ሻይ አዘዘልኝና፣ ቀዝቅዞ ጠጣሁት።

ቅጽ ሰባት ያለቀ ዕለት፣ መብራት ጠፋ ድንገት።
ቆርቆሮ መዝጊያዬን፣ ሳወርደው በጨለማው ፊት፣
ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ፣ ብርሃኑን ልኮ፣
በአምስቱ ቀዳዳ፣ ገባ ሾልኮ ሾልኮ።
«ብየዳ ቤት ውሰጂው» ይሉኛል ጋሽ ሽበሺ፤
ነገ እላለሁ። ነገዬ፣ ሊሞላ ነው ሺ።

ደብተሩን ገለጥኩት፣ በስልኬ መብራት፤
የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ አንድ ነገር አየሁበት።
«ከሺህ ዓመት በፊት» ይላል። ሥሩ ግን፣ በእርሳስ፣
«ከሁለት» የሚል አለ፣ ያልጠፋ በላጲስ።

በነጋው መጣ ይመር፣ ዣንጥላው እንደ ራሰ፤
«የሳትኩት ነገር አለ?» ብሎ ድምፁን ቀነሰ።
«የለም» አልኩት፣ «ሺህ ነው። ሺህ ብዬ ተይቤዋለሁ፤
ከፈለግህ ሁለት ሺህ፣ አሁንም እጨምራለሁ።»
ብሩን ቆጠረልኝ፤ ሠላሳ ጎደለ፤
«ወር ሲገባ» ብሎኝ፣ ጉም ውስጥ ገባ አለ።

እኔም ወጣሁ። ጋሽ ሽበሺ፣ ሲንጀሩ ላይ ናቸው፤
ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ ቆሜ ጠየቅኋቸው፦
«በሩን ዘጉት ወይ?»
ቀና ሳይሉ፣ ክር በአፋቸው፦
«ኧረ ገና! አንድ ሱሪ አለ፤ ቅምቅማቱ ይቀረዋል።»